ከወንበሩ የወረደችው ድመት

አባቴ ከሞተ በኋላ እማዬ መብላት ትታ ልብሷ ሰፍቷት ነበር። ሲግናል ሰፈር ካለው ቤታችን አንስቼ የካ አባዶ፣ ወደ እኔ ኮንዶሚኒየም አመጣኋት፤ መልሼ ሰው ላደርጋት ነበር ሐሳቤ። እሷ ደግሞ «ድመቷን ካልያዝሽ ንቅንቅ አልልም» አለች። ምን ላድርግ፣ በካርቶን ይዤያት መጣሁ።

ድመቷ ሥርዓት የሚባል ነገር አልነካትም። ምግብ ሲቀርብ ከእማዬ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ወጥታ ጉብ ትላለች፣ እማዬም ታጎርሳታለች። በፆም ሽሮ የምትበላ ድመት አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ኧረ በማርያም እማ፣ ፀጉሯ ወጡ ውስጥ እየገባ!» ስላት «ተያት፣ እሷም ነፍስ አላት» ትለኛለች።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ ወንበሩን በፎይል ሸፈንኩት፤ ድመት ሥሯ ሲንኮሻኮሽ አትወድም። ምግቧን በረንዳ ላይ በራሷ ሳህን አደረግኩላት። ሳህኑን በማንኪያ ኳ ኳ ሳደርግ ከመጣች ትበላለች፤ ጠረጴዛው ጋ ካየኋት ምንም የለም። እማዬንም «ብታጎርሻት እንጣላለን» አልኳት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ድመቷ ሰለጠነች። ቢሮ ውስጥ የነዛሁት ጉራ አይነሳ።

ከዚያ የእማዬ ምሳ ዕቃ እንደሞላ ይጠብቀኝ ጀመር። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ልይዝ ስሮጥ ለምሳዋ ሞልቼላት እወጣለሁ፤ ማታ ስገባ አልተነካም። ወጥ ቀየርኩላት። አሟት እንደሆነ ብዬ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ምንም የለባትም አሉኝ። ጉንጯ ግን ገብቷል። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ፈራሁና ጮህኩባት።

«ለምንድነው የማትበዪው? ልትሞቺብኝ ነው?»

«ብቻዬን እንዴት ብዬ ልብላ?» አለች። «አንቺ ቀኑን ሙሉ የለሽም። አባትሽ ከሄደ በኋላ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ድመቷ ነበረች።»

ፎይሉን ቦጫጭቄ ጣልኩት። «ነይ ውሮ! ነይ ተቀመጪ!» እያልኩ በጥብስ ለመንኳት። አንስቼ ወንበሩ ላይ ሳስቀምጣት ዘላ ወረደችና በረንዳ ሄዳ ሳህኗ ጋ ቁጭ አለች። ስንት ቀን «ውረጂ!» ስላት የከረምኩት ሴትዮ፣ አሁን ውጪልኝ ብዬ እለማመጣታለሁ! እማዬ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ የምሳ ሳህኗን አንስታ፣ በርጩማውን በእግሯ እየገፋች በረንዳ ወጣችና ድመቷ ጎን ተቀመጠች። ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ንፋስ ነጠላዋን ያራግበዋል።

«ብርድ ነው እኮ እማ!»

«ነይ ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

«ማንን ነው?»

«ሁለታችሁንም ነዋ!»

ሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ ድመቷን የምጠራበት ማንኪያ በረንዳ ላይ፣ በርጩማው ሥር ነበር። ምሳ ዕቃውን ከፈትኩት። ባዶ ነው።