በሰማያዊው ገጽ የተጠረጠረው አማች

ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። የሰው ክርክር ስትተይብ ኖራ፣ በቀላሉ የማታምን ሆና ቀረች። የሚዛኑን ቀስት ሳታይ ሽንኩርት አትገዛም፤ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ሌላ ሐኪም ካላየው አትውጥም። ዘመድ ሁሉ «መርማሪዋ» ይላታል። «ሳቁ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ትላለች እሷ።

አሁን ቤቷ ተቀምጣ የሰው ጽሑፍ ትተይባለች። ኮምፒውተሯ እየተንቀራፈፈ፣ አንዳንዴም ድርቅ ብሎ እየቆመ ሲያስቸግራት፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ የሆነው የልጇ ባል አንድ ቅዳሜ መጥቶ አዲስ ዲስክ አስገባ፤ ከነባሩ ሜሞሪ ጎንም ሌላ ጨመረ። «አሁን እንደ ፈረስ ይጋልባል፣ እማማ» ብሎ ሄደ።

እውነትም ጋለበ፤ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን የአንድ ጡረተኛ መምህር የሕይወት ታሪክ እየተየበች፣ መምህሩ ሊያገቡ ሲሉ፣ ገጹ ድንገት ሰማያዊ ሆነ። ነጭ ጽሑፍ ብልጭ አለና ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። ሠርጉን ውሃ በላው።

ደብተር አወጣች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እየሠራች እንደነበር መዘገበች። በሁለት ሳምንት ሰባት ጊዜ ሆነ። ደብተሩን ባገላበጠች ቁጥር የሚታያት አማቿ ብቻ ነው። ያገለገለ ዕቃ አዲስ ነው ብሎ ሰክቶባት ይሆን? ሲሠራስ ለምን ጀርባውን ሰጣት? መሀል ላይ «ውሃ ቢሰጡኝ» ያላት ከክፍሉ ሊያስወጣት ይሆን?

ለልጇ ደወለች።

«ባልሽ የከተተልኝን ዕቃ ከየት ነው ያመጣው?»

«ከሱቅ ነዋ፣ እማዬ። ምነው?»

«ሰባት ጊዜ ጠፋብኛ! እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«አንቺ እንዲያው ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም። ባሌን ሌባ ልታደርጊው ነው?»

ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ።

እሱን ብጠይቀው ይሸፋፍንብኛል ብላ፣ ሶኬቱን ነቅላ ሣጥኑን ራሷ ከፈተችው። አማቿ የጨመረውን ሜሞሪ በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ አወጣችው። «እስቲ አሁን እንተያያለን» አለችው። አስነሥታ መተየብ ጀመረች። ሰዓት ሳይሞላ ያው ሰማያዊ ገጽ ተገተረ።

ክው አለች። ቢሆንም ሰውየውን አልለቀቀችውም፤ «እንግዲያው ሌላም ነገር ነካክቷል» አለች። ነባሩን አውጥታ አዲሱን ብቻውን፣ በዚያው ማስገቢያ ሰካችው። ያን ቀን ደህና ዋለ። በማግስቱም። አምስት ቀን ሙሉ ተየበች፤ መምህሩ አግብተው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውን ዳሩ። ነባሩን መልሳ ብትሰካው ግን በአርባ ደቂቃ ሰማያዊ። ስድስት ዓመት ያመነችው ኖሯል የሚከዳት! ድሮ ድርቅ እያለ የሚቆመውም በዚሁ ሳቢያ ሳይሆን አይቀርም።

አማቿን አስጠርታ ደብተሩን ፊቱ ዘረጋች። «አንተን ነበር የጠረጠርኩት፤ ይቅር በለኝ» አለች፣ ዓይኑን ሳታይ።

አማቿ ደብተሩን እስከ መጨረሻው አነበበና አንገቱን አከከ። «እማማ፣ እኔም እኮ እርስዎን ነበር የጠረጠርኩት። ሣጥኑን እየከፈቱ የሚነካኩት መስሎኝ ለልጅዎ ነግሬያታለሁ።»

«እኔን?»

ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት።

በሳምንቱ ምትክ ሜሞሪ ይዞላት መጣ። ራሴ ካልከፈትኩት አለች። መነጽሯን አጥልቃ እሽጉን በጥፍሯ ዳር እስከ ዳር ስትፈትሽ፣ እሱ ከጎኗ ቆሞ ባትሪ ያበራላት ነበር።