ሶኬቱን ስነቅለው የጠፋው ዓለም

ትናንት ጠዋት... በገዛ እጄ አንድ ዓለም አጠፋሁ። ቀልዴን አይደለም።

ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር፣ ሆዳን ቤት ነው የምሠራው። ሆዳን ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። እዚህ የመብራት ዋጋ እሳት ስለሆነ ከቤት ስወጣ ሶኬት ሁሉ መንቀል ልማዴ ነው። የኮምፒውተሯ ስክሪን ጠቁሮ ነበር... ጠፍቷል ብዬ ነቀልኩትና ገበያ ሄድኩ።

ስመለስ ገመዱን ይዛ ቆማለች።

«ማነው የነቀለው?»

«እኔ... ቆጣሪው በከንቱ እንዳይቆጥር ብዬ።»

«ወላሂ ጨረስሽኝ! ስክሪኑ ጠቆረ እንጂ ሲሠራ ያደረ ነው! ከሰዓት በኋላ ለኃላፊዎቼ ላሳየው ነበር!»

እንጀራዬንም አብሬ ነቀልኩት አልኩ በልቤ። ታናሽ እህቴ የምትማረው በዚህች ደሞዝ ነው። እንባዬ መጣ።

ሆዳን እንባዬን ስታይ ተነፈሰች። ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ አስነሳችና «ነይ፣ ምን እንዳጠፋሽ እዪ» አለችኝ።

ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቦች ይርመሰመሳሉ።

«እነዚህ ሰዎች ናቸው በይ። እያንዳንዱ አንድ ነገር ያውቃል። እሳት የሚያውቀው ድንጋይ ከሚያውቀው ጋር ሲገናኝ ብረት ይወለዳል። ሳይንስ እንዴት እንደሚያድግ አገር ሙሉ ሰው ይዘን መሞከር አንችልማ... እዚህ ነው የምንሞክረው።»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቅ እያልኩ አያለሁ። ብረት መጣ። ጋሪ መጣ። ድንገት ሆዳን «ሱብሃነላህ!» ብላ ብድግ አለች።

«ምነው፣ ደግሞ ተበላሸ?»

«መብራት አገኙ! የነቀልሻቸውን ሰዎች ጠዋት ከስክሪኑ ላይ ፎቶ አንስቻቸው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሠርተው ገና ወፍጮ ላይ ነው የደረሱት!»

«የአሁኖቹ ጎበዞች ናቸዋ?»

«ያው ናቸው። ጭንቅላታቸውም ያው። የተለየው መጀመሪያ ላይ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ብቻ ነው።»

አባቴ ትዝ አለኝ... ከተጣለ ሬዲዮ የበር ደወል የሠራ ሰው፤ ስለ ሥራው የሚያጫውተው አንድ ሰው ሳያገኝ መንደራችን ውስጥ አረጀ። እኛ «ሳይማር ቀረ» እንላለን። ለካ የጎደለበት ሰው ነው!

ሆዳን ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች። «ሁለቱንም ዓለም በፎቶ ጎን ለጎን ለኃላፊዎቼ አሳያቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ማታ እስክመጣ ሶኬቱን እንዳትነኪ!»

ማታ እስክመጣ አለች... ሥራዬ አለ ማለት ነው። ተመስገን!

ከእንግዲህ ግን ሶኬት ከመንቀሌ በፊት «ቤቶች!» ብዬ እጣራለሁ። ውስጥ ሰው ይኖር ይሆናላ።