ከመዳፏ የተረፈው ሉሉ

ስንት ዓመት በነገድኩባት ጁባ የሚያገላብጠኝ አንድ ዘመድ እንደሌለኝ የገባኝ ዳሌዬ የተሰበረ ጊዜ ነው። ኒምራ ታላታ በሚሉት ሰፈር፣ ሱቄ በር ላይ፣ ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ገጨኝ።

እዚህ ሆስፒታል ነርስ መድኃኒት ትሰጣለች፤ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ የቤተሰብ ሥራ ነው። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ጀርባዬን አይታ፣ «ከወገብዎ በታች ቀልቷል» አለችኝ። «በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ይቆስላል። በዚህ ዕድሜ ከቆሰለ ደግሞ መዳኑ እንጃ። የሚያገላብጥዎ ሰው አለ?»

«ሞልቶ!» አልኳት። ምላሴ ይቆረጥ።

ሰውስ ሞልቶ ነበር። የአገሬ ነጋዴዎች ከሰዓት በኋላ ጁስ በካርቶን ይዘው ይመጣሉ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተደርድረው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ስለ ዶላር ይጨቃጨቃሉ። «ሀጂ፣ ምን ጎደለ?» ሲሉኝ «ምንም፣ አልሃምዱሊላህ» እላለሁ። ታዲያ ምን ልበል? ትልቅ ሰው ለወዳጆቹ መቀመጫዬን ቅቡልኝ ይላል እንዴ? ሲሄዱ ያው ጣሪያውን አፍጥጬ ማየት ነው። ብቸኝነት አጥንት ድረስ ያማል፣ አትጠይቁኝ።

አጠገቤ የተኛው ያገሩ ሽማግሌ ራሱን አያውቅም። ሚስቱ፣ የኔ እኩያ አሮጊት፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ታስታምመዋለች። ሉሉ የሚሉት ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅባት አላት። በጣቷ ዛቅ አድርጋ መዳፏ ላይ ታቀልጠውና ተረከዙን፣ ክርኑን፣ ወገቡን ቀስ ብላ ትቀባዋለች። ቆዳው የሕፃን ቆዳ መስሏል። ወላሂ፣ ራሱን በማያውቅ ሰው ቀናሁ።

አንድ ቀን እሱን ጨርሳ ወደኔ ዞረች። «ሀጂ፣ እጄ ላይ ተርፏል» አለችኝ በጁባ ዐረብኛ።

«እጅሽን ሰብስቢ!» ብዬ ጮህኩባት። ባዕድ ሴት ገላዬን ልትነካ!

«ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ ግድ የለም» አለችና ምንም ሳይመስላት በደህናው ጎኔ አዞረችኝ። ነርሷ «የቀላውን አትሹት፤ ቅባት ብቻውን አያድንም፣ ዋናው ማገላበጡ ነው» ብላ አስተምራት ኖሮ፣ ሳትጫን ዳር ዳሩን ቀባችኝ። አለቀስኩ። ፊቴ ወደ ግድግዳው ስለነበር ማንም አላየኝም።

ከዚያ ወዲያ እሱን ስታዞር እኔንም ታዞረኛለች። ቅላቱ እየደበዘዘ መጣ። ያቺን ሰዓት እንደ ልጅ እጠብቃት ጀመር።

አንድ ጠዋት ባሏ ሞተ። ዘመዶቿ መጡ፣ ክፍሉ በለቅሶ ተናወጠ። ዓይኗ አብጦ ልትሰናበተኝ ወደ አልጋዬ መጣች። አላህ ያጽናሽ ማለት ነበረብኝ፤ አፌም ተከፍቶ ነበር።

«ነገስ?» አልኳት።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሬሳው እንኳ ገና አልወጣም። እሷ ግን አልተቆጣችም። እጇን ከትከሻዬ ሥር ሰደደች፣ አዞረችኝ፣ ልብሴን አስተካከለች። ከዚያ ነርሷን ጠራችና፣ «ይሄ ሰው፣ ሰው የለውም» አለቻት፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።