ከኋላ የምትቀመጠው መካኒክ

ትኬቷ መሪ አትጨብጥም። መካኒክ ናት፤ ግን መኪና ሲመጣላት ቁልፉን ለባለቤቱ ትመልስና የኋላውን በር ከፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ ትቀመጣለች። «ንዳ!» ትልና ዓይኗን ትጨፍናለች። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ልትተኛ መስሎኝ ደሜ ፈልቶ ነበር።

ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጣለች፤ ወንበሯ ደግሞ ልክ ከኋላ ጎማው በላይ ነበር። ጋራዡ የባሏ ነበር። ከሥራ ስትወጣ በዚያ በኩል ታልፍና እሱ የጠገነውን መኪና ከኋላ ተቀምጣ ትሞክርለታለች። «ግራው ይቆጣል፣ ቀኙ ያኮርፋል» ትለዋለች፤ ይስቃል፤ ፈትቶ ሲያየው ግን ነገሩ እንዳለችው ነው። እሱ ሲሞት ጋራዡን ትሸጠዋለች ያላለ ሰው አልነበረም። እሷ ግን የአውቶቡሱን ሥራ ለቀቀች፣ የባሏን ቱታ እጅጌውን አሳጥራ ለበሰች። ይኸው ስምንት ዓመቷ ነው። ጉዳዩ መኪናውን ከጎማው በላይ የሚሸከመው ጥምዝ ብረት፣ ሞላው፣ ከሆነ ሌሎች መካኒኮች ሳይቀሩ ሰው ይልኩላታል፤ አንዳንዱ እያፈረ፣ አንዳንዱ «እንዲያው ለማረጋገጥ ነው» እያለ።

እኔን እሷ ዘንድ ያደረሰኝ የታናሽ ወንድሜ መኪና ነው። መኪናው ለጥርጊያ መንገድ የተሠራ፣ አሮጌ፣ ከፍ ያለ ነበር። ወንድሜ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ዝቅ አደረገው። የአራቱንም ጎማ ሞላ በመጋዝ ቆርጦ አሳጠረው፤ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሰፈሩ ተሳለቀበት። እኔማ ከሁሉ ብሼ «ይሄ መኪና ነው ወይስ መጥረጊያ?» እያልኩ ልቡን አደረቅሁት። «ያምራል፣ አንቺ ምን አገባሽ» ይለኛል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው እኮ!

ሳቁን ያቆመው የእናታችን ስቃይ ነው። እማዬ መጋረጃ ሰፊ ናት። መኪናው ዝቅ ከማለቱ በፊት ደንበኛ ቤት መጋረጃ ስትሰቅል ከመሰላል ወድቃ አከርካሪዋ ተጎዳ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ እግሯንና ወገቧን ታሠራለች። ሐኪሙ ሳያለባብስ ነግሮናል፤ ሕክምናውን አሁን ካቋረጠች ከዚያ በኋላ አትራመድም። መኪናው ዝቅ ካለ ወዲህ ግን መንገዱ ስቃይ ሆነባት። ሆስፒታሉ አጠገብ አስፋልቱ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ በደንብ ያልተደፈነ ቦይ አለ። እዚያ ስንደርስ ከመኪናው ሥር «ቋ!» ይላል፤ እማዬ ትጮኻለች። አንድ ሰኞ ከዚያ ስንመለስ የቤታችንን በር ተደግፋ ቆመችና «ከእንግዲህ አልሄድም። እግሬም ይቅርብኝ» አለች። እማዬ አልሄድም ካለች አልሄድም ነው።

ወንድሜን ያልሰደብኩት ስድብ የለም። «ለውበት ብለህ እናትህን ሽባ ልታደርጋት ነው!» አልኩት። አንገቱን ደፋ። በነጋታው እየጎተትኩ ትኬቷ ዘንድ ወሰድኩት።

የእማዬን ነገር ስነግራት «ታማሚዋ የምትቀመጠው በየት በኩል ነው?» አለች።

«በቀኝ» አልኳት። በቀኝ በኩል ገብታ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ከፊት ሆኜ ዞሬ አያታለሁ። ወንድሜ ጋራዡን ዞሮ መንገዱ ላይ ያለችውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ወጣ።

«አሁን ጎማው ወረደ» አለች። «ሞላው መቀመጫውን ለቀቀ። አየር ላይ ነው። አሁን ይመለሳል።»

«ቋ!» አለ።

ዳግመኛ ዞርን። አሁንም ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ነገረችን። በሦስተኛው ዙር ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆሞ ነበር። እኔ የሰማሁት አንድ ጓጓታ ብቻ ነው፤ እሷ ብረቱ ሲለቅ፣ ሲንሳፈፍና ተንጋዶ ሲቀመጥ ለይታ አወቀች። ሰው በተቀመጠበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከብረት ወለል ሥር ያለውን ነገር እንዴት ያያል? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጋራዥ ውስጥ መኪናውን በክሪክ አነሣችው። ጎማው ሲንጠለጠል ከሞላው በላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየ። ትኬቷ ሞላውን ነካ አደረገችው፤ ሊነቀል እንደደረሰ ጥርስ ተወዛወዘ። ጨርሶ እንዳይወድቅ በሽቦ ታስሯል።

«ይሄን ያሰረው ብልህ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ወንድሜ።

«ጫማ ሲሰፋህም እግርህ ላይ በሽቦ ታስረዋለህ ማለት ነው።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። እየተንበረከከች የእያንዳንዱን ሞላ ጥምዝ በጣቷ ቆጠረች። የቀኙን የኋላ ሞላ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ከዚያ ተነሥታ ወንድሜን ትክ ብላ አየችው።

«ሦስቱን ሁለት ሁለት ዙር ነው የቆረጥካቸው፤ ይሄን ግን ሦስት። ለማማር የሚቆርጥ ሰው መኪናውን አያንጋድድም። እናትህ በምትገባበት በር በኩል ነው ያዘነበለው።»

ወንድሜ የሽቦውን ጫፍ በጣቱ ያጣምም ጀመር።

«ተናገር እንጂ፣ ልጄ።»

«ከፍ ብሎ ሳለ መግባት አትችልም ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «እታለም ሥራ ስትሆን እኔው ነኝ ተሸክሜ የማስገባት። አንድ ቀን ሰው ቆሞ ሲያያት አለቀሰች። ለአንቺ ብዬ ዝቅ ላድርገው ብላት፣ በእኔ ምክንያት መኪናህን አታበላሽ ትለኛለች። ስለዚህ ለማማር ነው አልኩ።»

እውነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እማዬ ራሷ ቁጭ ብላ ነበር የምትገባው። እኔ አብሬ እየሄድኩ፣ በሩን እየከፈትኩላት፣ ይህን አላስተዋልኩም። የተሳደብኩት ሁሉ ቃል በቃል መጣብኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅር በለኝ አልኩት። «ተይው፣ እታለም» አለኝ እንባ አቅርሮ።

«ተላቅሳችሁ ስትጨርሱ ቤታችሁ ውሰዱኝ» አለች ትኬቷ።

እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ትኬቷ ተንበርክካ «እማማ፣ እግርዎን እስከቻሉት ድረስ ያንሡልኝ» አለቻትና ከወለሉ እስከ ተረከዟ በሲባጎ ለክታ ቋጠረች። ከወለሉ እስከ ታፋዋ ለክታ ሌላ ቋጠረች፤ አንዱ ለበሩ ደፍ፣ አንዱ ለወንበሩ ከፍታ።

«ምነው፣ ልብስ ልትሰፊልኝ ነው?» አለች እማዬ።

«መኪና ነው የምሰፋልዎት።»

«እኔ በዚያ መኪና አልሄድም አልኩ እኮ!»

«ዓርብ እኔ ልሄድበት ነው። ብቻዬን ከምሆን አጠገቤ ይቀመጡልኝ።»

እማዬ ገላመጠቻት። «አንድ ቀን ብቻ» አለች በመጨረሻ።

የረቡዕ ሕክምና አመለጠን። ትኬቷ ሁለቱን ቀን ከመኪናው ሥር አልወጣችም። የተቆረጡትን አውጥታ፣ ሲሠሩም አጭር የሆኑ ለዘብ ያሉ ሞላዎች አስገባች። በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ ትንሽ ስስ ሞላ ደረበች፤ የዚያች ሥራ አንድ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ክፍተቱን ዘግታ ትልቁ ሞላ ከመቀመጫው እንዳይለቅ መያዝ። የሞላውን ዝላይ የሚያበርደውን ሾክም በአጭር ቀየረችው። መኪናው ሳያዘነብል፣ ልክ በሲባጎው ቋጠሮ ልክ፣ ዝቅ ብሎ ቆመ። ሐሙስ ዕለት ወንድሜ አሥራ አንድ ጊዜ ነዳላት። አሥራ አንድ ጊዜ «ገና ነው» ብላ ፈታችው። በአሥራ ሁለተኛው ምንም ሳትል ጫማዋን አደረገች።

ዓርብ ጠዋት እማዬ ራሷ ቁጭ ብላ ገባች። የፊት ወንበሩን ግን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። ትኬቷ በግራዋ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነችና «መጀመሪያ የሰፉት መጋረጃ የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እሱንማ አታንሺው!» አለች እማዬ። «ለአንድ አዳራሽ ነበር። ስንሰቅለው ከወለሉ በክንድ አጥሮ ቁጭ! ባለቤትየዋ ደረጃውን እየወጣች ነው፣ እኔ ደግሞ...»

ቦዩ ከፊታችን ነበር። ወንድሜ መሪውን ጨመቀ። የፊት ጎማው ወረደ፣ ወጣ። የኋላው ወረደ።

«...እኔ ደግሞ ከሥር ሌላ ቀለም ቀጠልኩበትና ሆነ ብዬ ያደረግሁት አስመሰልኩት» አለች እማዬ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ቃሏን ሳታቋርጥ። እጇ የፊት ወንበሩን ለቆ የመጋረጃውን ቁመት ያሳያል። ቦዩን ማለፋችንን አላወቀችም።

ወንድሜ ወደ ኋላ አልዞረም፤ በእጅጌው ግን ዓይኑን ጠረገ። እኔም ዞሬ ትኬቷን ማየት አቃተኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሠራን ሰው ምን ብለው እንደሚያዩት አላውቅም።

«ከዚያስ?» አለቻት ትኬቷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።