አገጩ ላይ ስፌት ያለበት ሰው

ሊቨን መጀመሪያ ክሩን በሰም ያሻል። ከዚያ ለሁለት አጥፎ ጭኑ ላይ ያከርረዋል፤ ሳይከርር የገባ ክር አንድ ክረምት አይሻገርም። የሁለቱን ሸራዎች ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ደርቦ፣ ጫፉን ከአግዳሚው ጋር በሜንጦ ያስይዝና ይወጥረዋል። ቀኝ መዳፉ ላይ ወፍራም ቆዳ ያጠልቃል። ቆዳው መሐል ላይ የመርፌውን ቂጥ የምትገፋ ጠፍጣፋ ብረት አለች። ይወጋል፣ በመዳፉ ይገፋል፣ ይስባል፣ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ይጫነዋል። ደግሞ ይወጋል፣ ይገፋል፣ ይስባል። ጠርዙ ሊያልቅ ሲል ግን እጁ ይቆማል። የመጨረሻዋን ስፌት ከመውጋቱ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ይቆማል።

የሚሰፋው የነፋስ ወፍጮ ሸራ ነው። በኛ ወደብ፣ በፍሊሲንገን፣ የመርከብ ሸራ በመስፋት የሚስተካከለው የለም፤ ሆኖም የሱን ሸራ ሰቅሎ ባሕር የሚወጣ ጀልባ አንድም የለም። ሥራው ላይ እንከን ተገኝቶ አይደለም። ነገሩ የመጣው ከጦርነቱ ነው።

ከእንግሊዞች ጋር በተዋጋንበት ጊዜ ሊቨን በአንድ የጦር መርከብ ላይ ሸራ ሰፊ ነበር። የመርከብ ሸራ ሰፊ ውጊያው ሳለ የተቀደደውን ይጠግናል፤ ውጊያው ሲያበቃ ሙታንን በየመኝታ ሸራቸው ይሰፋል። ባሕር ውስጥ እንዲሰጥሙ እግራቸው ሥር የመድፍ አረር ያስገባል፣ ከእግር ወደ ራስ እየሰፋ ይወጣል፣ የመጨረሻዋን ስፌት በአፍንጫቸው ቆዳ ያሳልፋታል። ነፍስ የቀረችው ካለ ያኔ ይጮኻል። ልማዱን ሊቨን አልፈጠረውም፤ አባቱም እንዲሁ ነበር የሚሰፋው። ከተማው ግን ልማዱን ትቶ እጁን ነው የሚያስታውሰው። የሰፈሩ ግማሽ ቤት ልጁን ወይም ወንድሙን ለባሕር የሸኘችለት ያቺ መርፌ ናት።

ገበያ ሲወጣ ዓሣ አጥማጁ ታኔ ገና ከሩቅ ይጮኻል።

«አለቃ ሊቨን! ቁመቴን በዓይንህ አትለካኝ!»

«አትስጋ፤ ያንን ሆድ የሚችል ሸራ የለኝም።»

ሰው ይስቃል። ሳቁ ሲያበቃ ግን አጠገቡ የሚቆም የለም። ቢራ ቤት ሲገባ የተቀመጠበት አግዳሚ ቀስ እያለ ባዶ ይሆናል፤ አንዱ የትምባሆ ፒፓው ጠፋበት፣ ሌላው ሚስቱ ጠራችው። አሁን ቢራውን በገንቦ ያስቀዳና ቤቱ ወስዶ ይጠጣል።

ትመጣ የነበረችው ያኮሚና ብቻ ናት። በጭስ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች፤ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን የተረፋትን ዓሣና የአጃ ዳቦ ይዛ ትገባና የተጠቀለለ ሸራ ላይ ትቀመጣለች። ባሏ ማሪኑስ ከሊቨን ጋር በአንድ መርከብ ላይ ነበር። አንድ ቀን ከላይ የወደቀ እንጨት አገጩን ሰነጠቀው፤ ሐኪሙ ሰክሮ ስለነበር ሊቨን የሸራ መርፌውን በቢራ አጥቦ እሱ ሰፋው። በዕድሜው የሰፋው ሕያው ሰው ማሪኑስ ብቻ ነው። ስፌቱ እስኪያልቅ ሲሳደብ ነበር፤ ያ ስድብ እንዴት ደስ እንዳሰኘው ሊቨን ዛሬም ያወራል።

በትልቁ ውጊያ ቀን ሁለቱ ባሕር ኃይሎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ከጠዋት ጀምሮ ሲታኮሱ ዋሉ። ከባሕሩ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ጭስ ብቻ ነበር፤ ያኮሚናም ከሌሎቹ ሚስቶች ጋር ቆማ ጭሱን ስታይ ዋለች። ሊቨን ሸራ ሊጠግን ከታች ሲወጣ ማሪኑስ የፊተኛው የሸራ ምሰሶ ላይ ሆኖ የተጠላለፈ ገመድ ይቆርጣል። አረር ምሰሶውን ከወገቡ መታው። ምሰሶው ከነሰዎቹ ቀስ ብሎ አዘነበለና ጭሱ ውስጥ ገባ። ነፋሱ ጭሱን ሲገልጠው መርከቡ ከቦታው ርቋል። ወደኋላ፣ አንዲት የእንግሊዞች ጀልባ ከውኃ ሰው ስታወጣ ትታያለች፤ ማንን እንዳወጣች የለየ የለም።

ሰላም ወረደ፣ ምርኮኞችም ተመለሱ። ማሪኑስ አልተመለሰም፤ ሞተ የሚል ወሬም አልመጣም። የከተማው ዳኞች ደግሞ ሕጋቸው አጭር ነው፦ መሞቱን በዓይኑ ያየ ካልማለ፣ ሚስት መበለት አትባልም፣ ሌላም አታገባም።

በዚህ በልግ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ያኮሚና ዓሣውን ሳትፈታ ተቀመጠች።

«ጎረቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂኝ።»

«ዳኞቹ ፊት ይቅረቡና ሰፍቼዋለሁ ይበሉልኝ።»

ሊቨን መርፌውን ሸራው ላይ ሰክቶ ተወው።

«አልሰፋሁትማ።»

«እንዳልሰፉትማ አውቃለሁ! ያን ሁሉ ሰው ሰፍተው አንድ ቢጨመር ማን ይቆጥራል?»

«እኔ እቆጥራለሁ።»

«ስለ ሞት ከእርስዎ በላይ የሚታመን የለም እኮ በዚህ ከተማ!» ሳቀች፤ ሳቋ አልቆየም። «ጥቁር ብለብስ አሟረተችበት ይላሉ፣ ካልለበስኩ ረሳችው ይላሉ። ምን ልሁን?» ዳቦውን ቆርሳ ግማሹን ወደሱ ገፋችው። «ደግሞስ… ያኔ እርስዎም ብቻዎን አይበሉም፣ እኔም ብቻዬን አልበላም።»

ሊቨን ዳቦውን አየው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ከመምጣቷ በፊት ቤቱን የሚጠርገው፣ ጢሙን የሚላጨው፣ ይህን ቃል ቢሰማ ብሎ ነበር። አሁን ሰማው።

«ያኮሚና፣ ቢመጣስ?»

«ሁለት ክረምት አለፈ'ኮ!»

«አገጩ ላይ የኔን ስፌት ይዞ በዚህ በር ቢገባ ምን እለዋለሁ? ሞተሃል፣ ምዬብሃለሁ ልበለው? አንቺ የምትፈልጊውን እኔም እፈልገዋለሁ። ስለምፈልገው ነው የማልምለው።»

ብድግ ብላ ቅርጫቷን አነሳች። «እርስዎ» ማለቱም ቀረ።

«ለሌለው ታማኝ፣ ላለችው የማትሆን! እንግዲህ ከመርፌህ ጋር ብላ።»

ግማሹ ዳቦ አግዳሚው ላይ ቀረ። ሊቨን ማታ ሊበላው አነሳና መልሶ አስቀመጠው፤ ሲደርቅ ለወፎች ፈረፈረው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም፣ ከዚያ በኋላም። ገበያ ላይ ዓሣ ከእሷ ሲገዛ እንደማንኛውም ሰው ትመዝንለታለች፤ ዓይኗን ከሚዛኑ አታነሳም። እሱ ግን ቅዳሜ መጥረጉን አልተወም። መላጨቱንም።

አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። ባዕድ መርከብ በገባ ቁጥር ወደቡ ይወርድና መርከበኞቹን ስለ ማሪኑስ ይጠይቃል። መርከበኞቹ ማንነቱን ሰው ሹክ ስለሚላቸው ጥያቄውን ሳይጨርስ ገለል ይላሉ። ስለዚህ ይህን ጻፍኩለት፤ ፊቱን የማያይ፣ እጁንም የማይፈራ ሰው ቢያነብለት ይወዳል። የሚለው እንዲህ ነው፦

«በዚያ በትልቁ ውጊያ ቀን ከባሕር ሰው ያወጣችሁ፣ ወይም በእንግሊዝ ወደብ ታስራችሁ የነበራችሁ ካላችሁ፣ የማሪኑስን አገጭ አስታውሱልኝ። ስፌቱ እንደ ዓሣ አጥንት የተሻገረ ነው፤ ሐኪም እንደዚያ አይሰፋም። በሕይወት ካለ፣ ሚስቱ ከገመድ መፍተያው ጀርባ እዚያው ቤት እንዳለች ንገሩት። የቀበራችሁት ከሆነም ኑና ዳኞቹ ፊት ማሉላት። የመጣችሁበትን ጀልባ ሸራ አዲስ አድርጌ እሰፋላችኋለሁ፤ የኔን ሸራ መስቀል ከከበዳችሁ ለወፍጮ ስጡት። መጀመሪያ ግን እኔ ጋ አትምጡ። እሷ ጋ ሂዱ።»