«ብረት ሳትይዝ ወጥታ ነው» ያሉኝ ጊዜ

የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ እግርሽ የከዳሽን ጊዜ ንገሪን፤ እኛ እንጽፈዋለን» ብለው ያዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እነሱ ይጻፉት። ግን እንዳያለሰልሱት ነግሬያቸዋለሁ። ሰው ሲያረጅ ሁሉን ይቅር ያለ ይመስላቸዋል። እኔ ይህን ገና ይቅር አላልኩም።

የበኩር ልጄን የወለድኩት አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ ወደ ላይ፣ የባሌ ቤተሰቦች ዘንድ። ምጡ ቀኑን ሙሉ ይዞኝ ዋለ። ሴት ልጅ! እልል ተባለ፣ ገንፎ ተበላ። በማግስቱ ጠዋት ከመደቡ ልነሳ ስል ቀኝ እግሬ የለም። አለ እኮ፣ አየዋለሁ፤ ግን የእኔ አይደለም። ጣቶቼን ወደ ላይ ላነሳ ብል እምቢ አሉኝ። ቢቆነጥጡት አይሰማኝም። አንድ ቀን ፍም ወድቆበት፣ ያወቅኩት ቆዳዬ ሲሸት ነው።

እንግዲህ መውደቅ ሆነ ሥራዬ። የእግሬ ጫፍ ምንጣፍ ይይዛል፣ ደፍ ይይዛል፣ ድፍት እላለሁ። ደጅ ስወጣ ኮንጎ ጫማዬ ወልቆ መንገድ ላይ ይቀራል፣ እኔ ዝም ብዬ እሄዳለሁ። «አንቺ፣ ጫማሽ ቆይኝ እያለሽ ነው!» ይሉኛል ሴቶቹ። በዚህስ እኔም ስቄያለሁ።

ያላሳቀኝ ሌላ ነው። አማቴ ምክንያቱን አወቁት። አራስ ደጅ ስትወጣ ብረት ትይዛለች፣ ማጭድም ቢላዋም ቢሆን፣ ክፉ ነገር እንዳይጠጋት። «ብረት ሳትይዝ ወጥታ ነው» አሉ። ኧረ በማርያም! ገና ከመደብ ሳልወርድ የሞተ እግር! በየት በኩል ነው የወጣሁት? ማን ሰምቶኝ። ወሬው ከቤት ቤት ዞረ፤ ውሃ ልትቀዳ የምትመጣ ሁሉ «ምነው ብረቱን?» ትለኛለች። ገበያው አጠገብ መርፌ የሚወጋ አንድ ሰውዬ ነበር፤ እሱም እግሬን ሳያይ «ደም ማነስ ነው» ብሎ ክንዴን ወጋኝ። ክንዴን!

ከዚያ ልጄን ወሰዱብኝ። «ትጥያታለሽ» አሉ። ተቀምጬ ስጠብቅ ለጡት ያመጡልኛል፣ ስትጠግብ ይወስዷታል። በአማቴ ጀርባ ላይ ሆና ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ ማባበል የእኔ አልነበረም። ላም እንኳ ጥጃዋን ትልሳለች።

ጎረቤቴ እስላም ነበረች፣ አፏ የማያርፍ። «አብሽሪ እህቴ» አለችኝ። «እኔ ስወልድ ማጭዱን ስንቴ ረስቼ ወጥቻለሁ። ይኸው እግሬ፣ ፍየል አባርርበታለሁ።» ጣቶቼን በጨርቅ ወደ ላይ ስቤ ከጉልበቴ ሥር ብቋጥረው መሬት እንደማይዝ አስቤ ነበርና፣ ነገርኳት። የባሏን ሽርጥ ቀዳ ሰጠችኝ። «ቢጠይቀኝ አይጥ በላው እለዋለሁ።»

ሰማንያ ቀን ሞልቶ ክርስትናው ደረሰ። አማቴ ልጄን ታቅፈው ሊወጡ ሲሉ እግሬን አስሬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ልጄን ይስጡኝ።»

«እንዲህ እንደ ዶሮ ታስረሽ? ኧረ መውደቅሽ ነው!»

«ብወድቅም ከሥሯ ነው የምወድቀው።»

ባሌ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ከበሩ አልተነሳሁም። ቄሱ እየጠበቁ ነው፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ሰጡኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ወደቅሁ። አዎ፣ ወደቅሁ! በመቀመጫዬ። ልጄ ደረቴ ላይ አልነቃችም እንኳ። አማቴ «አላልኩም?» ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

«አይንኳት!»

በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። አራስ አማቷ ላይ ትጮሃለች? ጮኸች። ተነስቼ ልጄን እኔው አስጠመቅኋት። ከዚያ ወዲህ ከእጄ የወሰዳት የለም።

ክረምቱ ሲወጣ እግሬ እየነቃ መጣ። አንዱ ጠበሉ ነው አለ፣ አንዱ መርፌው፣ አንዱ ስለቱ። ሲድን ምስጋናው ለሁሉ ተከፋፈለ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ ሆኖ ቀረ። አንጀቴን የሚበላኝ ይኼ ነው። በትናንሽ ጥፋት እንኳ «ያቺ ብረት የረሳችው» እየተባልኩ ልጆች አሳደግሁ።

ይቺው ልጄ አድጋ ሐይቅ ከተማ አገባች። ባሏ አሣ ያጠምዳል፣ ደግ ልጅ ነው፤ ወሬዬ ስለ እሱ አይደለም እንጂ። ስትወልድ ጤና ጣቢያ አብሬያት ገባሁ። ምጡ ሲጠናባት፣ እኛ እንደለመድነው ጉልበቷን ከጎን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩላት። አዋላጇ እጄን ቀስ ብላ አነሳችው።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ለረጅም ሰዓት ተጭኖ አይያዝም። ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ነርቭ ያልፋል። ጫና ከበዛበት እግሯ ይደነዝዛል፣ ጣቶቿ አይነሱላትም፣ ትወድቃለች። ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል፤ ግን ለምን ትሠቃይ?»

ያን ጊዜ አማቴ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ሳምጥ ቀኝ ጉልበቴን ጨብጠው የዋሉት እሳቸው ነበሩ፤ እጃቸው እየዛለ እንኳ አልለቀቁኝም።