ሽበቴን ያጠቆርኩበት ሳምንት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነው። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ መስታወት ባየሁ ቁጥር ንዴቱ እስካሁን ይመለስብኛል።

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ፀጉሬ ግን ገና በአርባዬ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኗል። በአባቴ ወገን ሁላችንም እንዲሁ ነን። ከአዳማ ጅቡቲ ስመላለስ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። መንገዱ ላይ ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም የሚጠራኝ "ፋዘር" እያለ ነው።

ያን ሰሞን የመኪናው ባለቤት አቶ ደረጀ ደውሎ ለጉዳይ ጅቡቲ እንደሚመጣ ነገረኝ። "ጋሼ፣ እግረ መንገዴን ስለ ሥራውም እንነጋገራለን" አለኝ። አነጋገሩ አላማረኝም። ከእኔ በፊት የነበረውን ሽማግሌ ሹፌር ያሰናበተውም እንዲሁ ብሎ ነው። ሁለት ልጆቼ ገና ተማሪዎች ናቸው፤ እኔም ከመሪ ሌላ የምይዘው ሙያ የለኝም። ስለዚህ ወጣት መስዬ ልጠብቀው ወሰንኩ።

ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሁልጊዜ የምስተካከልበት ፀጉር ቤት ገባሁ። ፀጉር አስተካካዩ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው። ሐሳቤን ስነግረው ፊቱን አጨማደደ። "እዚህ አገር ትልቅ ሰው የሚቀባው ሂና ነው። ጥቁሩ ይቅርብህ" አለኝ። እኔ ደግሞ "ፂሜን አቅልቼ ሐጂ ልባል ነው?" ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ጥቁሩን ቀባኝ። ሲጨርስ መስታወት ውስጥ የሠርጌን ቀን ፀጉር አየሁት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ማዳበሪያ የምንጭንበት መጋዘን በር ላይ ሹፌሮች ወረቀታችንን ይዘን እንሰለፋለን። በዚያ ሙቀት ትልቅ ሰው አይቆምም የሚል ያልተጻፈ ደንብ አለ፤ ሽበት ያለው ሰው ቀጥታ ወደ ፊት ያልፋል። የበሩ ጠባቂ ፋራህ፣ ፂሙን በሂና ያቀላ ሶማሌ ሽማግሌ ነው። ገና ከሩቅ ሲያየኝ "ዋላል" ይለኛል፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። ጥላው ሥር አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ውሃ ይሰጠኛል። ይህን ሁሉ ዓመት የሚያከብሩኝ ጠባዬን አይተው ይመስለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ሰልፉን አልፌ ወደ ፊት ሄድኩ። ከኋላዬ "አንተ ሰውዬ፣ ወዴት ነው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለእኔ መሆኑን አላወቅሁም። ወዲያው አንድ እጅ ኮሌታዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ዞር ስል ታምሩ ነው፤ ስንት ጊዜ አዋሽ ላይ አብረን ጎማ የቀየርን ሹፌር። ሲያውቀኝ ይደነግጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። የተሰለፈውም ሁሉ አብሮት ሳቀ።

"ፋዘር፣ ጎረምሳ ሆነህ መጣህ?" አለኝ። "እንግዲያው ከጎረምሶች ጋር ተሰለፍ። ስምንት ዓመት ሙሉ ፊቴ ገብተህ ስትጭን ዝም ያልኩህ ለሽበትህ ብዬ ነው።"

ፋራህን በዓይኔ ፈለግሁት። ከበሩ ተነስቶ መጣና ጭንቅላቴን ትክ ብሎ አየው። በተሰባበረ አማርኛው "ሽበት አላህ የሰጠው ነው። ሂና ጥሩ። ጥቁር ውሸት ነው" አለኝ። ከዚያ በዱላው የሰልፉን መጨረሻ አሳየኝ።

ሃያ ሰባተኛ ሆኜ ቆምኩ። ሰልፉ ከኋላ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ፊቴ ላይ ይረጨዋል። ላቤ ቀለሙን ይዞት እየወረደ የሸሚዜን አንገት አጠቆረው። ከፊቴ ያሉት እየዞሩ ያዩኛል፤ አንዱ እንዲያውም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳኝ። ብዙ ከቆምኩ በኋላ መሬት ላይ ቁጢጥ አልኩ። ውሃ የሰጠኝ ሰው የለም።

አቶ ደረጀ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። እኔ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ጭኜ እወጣለሁ ብዬው ነበር። መጀመሪያ ሳያውቀኝ አልፎኝ ሄደ፤ ከዚያ ተመለሰ። ምን እንዳደረግሁና ለምን እንዳደረግሁ ሳልደብቅ ነገርኩት። ያዝንልኛል ብዬ ነበር።

"ጋሼ" አለኝ፣ "እንደደከምክ እኮ ድሮም አውቃለሁ። ያቆየሁህ እዚህ በር ላይ ማንም ስለማይቀድምህ ነው። ከተሰለፍክማ ወጣት ሹፌር ሞልቷል።" እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት። ከሰልፉ ወጥቼ በእግሬ ወደ አርሂባ ሰፈር ሄድኩ፣ ዕቃዬ እዚያ ባረፍኩበት ክፍል ውስጥ ነበር።

አሁን ሽበቴ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። ሥራ የማገኘው የሌላ ሰው ሹፌር ሲታመም ነው፤ እየተካሁ እነዳለሁ። መጋዘኑ በር ስደርስ ታምሩ ገለል ብሎ ያሳልፈኛል፣ ፋራህም ውሃ ይዞ ይነሳል። ያን ቀን የሚያስታውሱት አይመስሉም። እኔ ግን አልረሳሁም፣ ይቅርም አላልኳቸውም። ወደ ፊት ማለፉን አልተውኩም፤ ፀሐዩ እንዴት እንደሚያቃጥል አይቼዋለሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የፋራህን ውሃ እጠጣለሁ። "ዋላል" ሲለኝ ግን ቀና ብዬ አላየውም። የሚጠራው ሽበቴን እንደሆነ አውቃለሁ።